የአባቴ ሣጥን

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እናቶቻችን ሥራዋን እስከ መጨረሻው ሰዓት ለምታቆይ ልጃገረድ የሚናገሩት ተረት ነው። እኔ ግን ትርጉሙ ከልብ የገባኝ በማዕድ ቤት ውስጥ አልነበረም። የገባኝ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ በጉምና በዝናብ መካከል፣ በቆመች መኪና ውስጥ ነው።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ነው። እናቴን፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄንና የአምስት ዓመት ወንድ ልጄን ይዤ፣ የታመመች አክስቴን ልንጠይቅ ከኮምቦልቻ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደን ነበር። ባለቤቴ ያን ሰሞን ለሥራ አዲስ አበባ ስለነበረ መኪናዋን የምነዳው እኔ ነበርኩ። መኪናዋ አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የገዛት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። አባቴ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ስላረፈ፣ እናቴ ገና ጥቁር ልብሷን አልቀየረችም ነበር።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ብርድ የማያጣው ደጋ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ስሙ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖቱን ክርክር ለመቋጨት የሰበሰቡት ጉባኤ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት፣ እዚያ በመካሄዱ ነው። ለእኛ ለአካባቢው ሰዎች ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ከሁሉ በፊት ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ሆስፒታሉ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር ያገኛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ አብዛኛው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በክረምት ወራት ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ሲሸፍነው የፊት መብራት ቢበራ እንኳ ከአሥር ክንድ በላይ አያሳይም።

ከአክስቴ ቤት የተነሣነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ታማም እንኳ ባዶ እጃችንን አልሰደደችንም። አንድ ጆንያ ድንች በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አስጫነችልን። እናቴም በቦርሳዋ ዘወትር የማትለያትን ከረሜላ ለሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ አከፋፍላ ጨረሰች።

እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባችሁ ነገር አለ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። በሐኪም ትእዛዝ ጧትና ማታ፣ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ትወጋለች። ደሴ ስንደርስ ሰዓቷን አይታ፣ «እራቱ ተሠርቶ ይጠብቀናል፤ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው» አለችና መርፌዋን እዚያው በመኪናው ውስጥ ወጋች። እኔም አልከለከልኳትም። ያንን መንገድ ከመቶ ጊዜ በላይ የተመላለስንበት በመሆኑ፣ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ሐረጎን መውረድ እንደ ጀመርን ዝናቡ በረታ። ጥቂት እንደ ሄድን የቆሙ መኪናዎች የኋላ መብራት በጉሙ ውስጥ ቀልቶ ታየኝ። ከፊታችን ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል። ወደ ኋላ ለመመለስ ስሞክር ከኋላችን ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች ተደርድረው ኖሯል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል የሚንጠባጠብ የተራራ አፈር ነበር። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለልጆቹ ጨዋታ መሰላቸው። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል ቢበዛ ብዬ ተጽናናሁ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል እናቴ ዝም አለች። ሁልጊዜ የምትጫወት ሴት ስለሆነች ዝምታዋ አስደነገጠኝ። እጇን ብይዘው እየተንቀጠቀጠ ነው። ግንባሯ በዚያ ብርድ በላብ ርሷል። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ብላት የማይያያዝ ነገር መለሰችልኝ፤ አባቴን በስሙ እየጠራች በሩን እንዲዘጋ አዘዘችው።

ሕመሙን ስለማውቀው ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ። መርፌው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ምግቡ ግን አልገባም። በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ወርዷል። የሚያስፈልገው ጥቂት ስኳር ብቻ ነበር። በቤታችን ከሞላው ስኳር ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ!

ወዲያው የአባቴ ሣጥን ትዝ አለኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በኋላ ከጅቡቲ ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የእንጨት ሣጥን ነበረችው። የእጅ ባትሪ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ስኳርና ብስኩት ሁልጊዜ በውስጧ ይገኛሉ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሣጥኗን በረንዳ ላይ አውጥቶ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣ ያያል። ሲጨርስ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጠመኔ ቀኑን ይጽፋል። እኛ ልጆቹ «አባባ ደግሞ ሱቁን ከፈተ» እያልን እንስቅበት ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቦሩ ሜዳና ወደ ደሴ ሲቃረብ፣ ቤተሰባችን እንደ ብዙው ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ ያቺን ሣጥን አዘጋጅቶ መኪናዋ ውስጥ ያስገባት እርሱ ነው። በኅዳር ማብቂያ ከተሞቹ ነጻ ከወጡ በኋላ ወደ ቤታችን ተመለስን። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም፤ ሣጥኗንም አልከፈታትም። ካረፈ በኋላ ደግሞ እኛ ልንከፍታት አልደፈርንም። የእጁ ሥራ እንዳይፈርስብን ይመስል፣ እርሱ እንዳስቀመጣት ከኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተውናት። ለማስታወስ ብለን ያደረግነው ነገር ለመርሳት እንደ ረዳን የገባኝ በዚያች ሌሊት ነው።

በዝናቡ ወርጄ፣ የድንቹን ጆንያ እየጎተትኩ አንሥቼ፣ ሣጥኗን ከሥሩ አወጣኋት። የእጅ ስልኬ መብራት ገና ይሠራ ስለነበረ በእርሱ አየሁ። በዕቃ መጫኛው ክዳን ዙሪያ ያለው ላስቲክ አርጅቶ ውኃ ያስገባ ኖሯል፤ የሣጥኗ ታች ሙሉ በሙሉ ርሷል። በወረቀት ከረጢት የነበረው ግማሽ ኪሎ ስኳር ቀልጦ፣ የአዮዲኑ ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ስለፈሰሰበት ቡናማ ጭቃ ሆኗል። ብስኩቱን አይጥ ጨርሶት ማሸጊያው ብቻ ቀርቷል። የእጅ ባትሪው ውስጥ ያሉት የባትሪ ድንጋዮች ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተፍተው የውስጥ ብረቱን በልተውታል። የክብሪቱ መጫሪያ ረጥቦ ይላላጣል። ፕላስተሩ አይጣበቅም። ጋቢው የሻጋታ ሽታ ይሸታል። ሁሉም ነገር ነበረ፤ የሚያገለግል ግን አንድም አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ያለቀስኩትን ልቅሶ አባቴ በሞተበት ቀን አላለቀስኩትም።

ስልኬ ኃይሉ እያለቀ ስለነበረ መብራቱን አጥፍቼ፣ ከኋላችን ወዳለው ከባድ መኪና ሮጥኩና በሩን ደበደብኩ። ሾፌሩ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ ነው። «ጋሼ፣ ስኳር ይኖርዎታል? እናቴ ልትሞትብኝ ነው» አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ፣ «አብሽሪ እኅቴ፣ አብሽሪ» እያለ ከመቀመጫው ጀርባ አንድ ሣጥን ሳበ። በውስጡ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ስኳሩ እንደ ተፈጨ ዕለት ደረቅ ነው። ፔርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ነበረው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በብርጭቆ በጥብጦ ይዞልኝ መጣና፣ «እማማ፣ ቀስ እያሉ ይጠጡ» እያለ እኔ ቀና አድርጌ ይዣት አጠጣናት። እናቴ ገና ራሷን አልሳተችም ነበርና መዋጥ ቻለች።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። መንቀጥቀጧ ረገብ ቢልም ገና አልተሻላትም፤ አንድ ብርጭቆ ደገምናት። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ገልጣ ሾፌሩን ተመለከተችና «ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ስትል እኔም ልጆቼም ሳቅን። ሰውየው በሶና ዳቦ ቆሎም አምጥቶ ነበርና፣ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወርድባት በሶ በጥብጠን ሰጠናት። መንገዱ የተከፈተው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው።

ስንለያይ የሾፌሩን ሣጥን ንጽሕና እያየሁ፣ «እንዴት አድርገው ነው እንዲህ የሚይዙት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዕቃ መያዝማ ሁሉም ይይዛል፤ ማየት ነው እንጂ። እኔ ጁምዓ ከሶላት መልስ ሳላየው አላልፍም» አለኝ። የአባቴ ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ፣ ሣጥኗን እንደ ገና ለማደራጀት ሾፌሮችን፣ መካኒኮችን፣ ነርሶችንና ፋርማሲስቶችን ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ያገኘሁትን ትምህርት ለእናቶችና ለሠራተኛ እኅቶቼ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሣጥን መግዛት ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችን ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ ስንል የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ዕቃ እንገዛና ከዚያ ወዲያ አናየውም። ዋናው ቁም ነገር ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት እንዲሠራ አድርጎ ማቆየቱ ነው። በክረምት ጠላቶቹ እርጥበትና ብርድ ናቸው። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሙቀትን ይጨምርባቸዋል።

አንደኛ፣ ቦታው ነው። ሣጥኑ ከጭነት ሥር መቀመጥ የለበትም። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚፈለገው ዕቃ ሳንወርድ በእጃችን በምንደርስበት ቦታ፣ ከወንበር ሥር ወይም ከኋላ ወንበር እግር ዘንድ ይሁን። በየክረምቱ መግቢያ የበሮቹንና የዕቃ መጫኛውን ላስቲክ መፈተሽ ይገባል። ለዚህም ቀላሉ ዘዴ አንድ ሰው ከውጭ ውኃ እያፈሰሰ ሌላው ከውስጥ እንዲመለከት ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሸጊያው ነው። ወረቀትና ካርቶን እርጥበትን ይስባሉ፤ አይጥንም ይጋብዛሉ። ስኳር፣ በሶ፣ ቆሎና ብስኩት ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ይቀመጥ። ክብሪት ከነመጫሪያው በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይታሸግ። አዮዲን፣ አልኮልና ሌላም ፈሳሽ ነገር ከምግብ ተለይቶ፣ ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። እኔ ይህን የተማርኩት በግማሽ ኪሎ ስኳር ኪሳራ ነው፤ ከዚያ የባሰ ኪሳራ ሊሆን ይችል ነበር።

ሦስተኛ፣ መብራት ነው። የባትሪ ድንጋዮችን በእጅ ባትሪው ውስጥ ትቶ ወራት ማሳለፍ ባትሪውን ማበላሸት ነው። ድንጋዮቹን አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ከባትሪው ጎን ማስቀመጥ ይሻላል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አንድ ላይ ማስገባትም እንዲያፈሱ ያደርጋል። የእጅ ስልክ መብራት አለኝ ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ብርድ የስልክን ኃይል ቶሎ ይጨርሳል፣ ስልኩም ለመደወል ያስፈልገናል።

አራተኛ፣ መድኃኒት ነው። ፕላስተር በሙቀትና በእርጥበት ማጣበቂያውን ያጣል፤ ፋሻና ጎዝ ማሸጊያቸው ከተቀደደ ንጹሕ አይደሉም። በፀሐይ የቆመች መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጭው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የተባለ ክኒን በመኪና ውስጥ ዓመት ሙሉ አይቆይም። የመጠቀሚያ ጊዜው ማለፊያ ቀን ተጽፎ በክዳኑ ላይ ቢለጠፍ ለማየት ያመቻል። ሕይወት አድን የሚባለው ኦ አር ኤስ እሽጉ ተቀዶ ጓጉሎ ከተገኘ ይለወጥ። አንዱ እሽግ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። እሽጉ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጥቂት በጥቂት መስጠት ይቻላል።

ኢንሱሊን ግን በመኪና ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ሙቀት ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ አንድ ጊዜ ከበረደና ከረጋ ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራምና መጣል አለበት። መንገደኛው ከራሱ ጋር፣ በብርድ ጊዜ ከልብሱ ሥር ይያዘው። በሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳሩ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብና መወናበድ የታየበት የስኳር ሕመምተኛ መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ 15 ግራም ያህል፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ይሰጠው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይፈስበትም፤ ወደ ሕክምና ማድረስ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። መንገድ በናዳ ሲዘጋ ግን አምቡላንስም እንደማይደርስ ራሴ አይቻለሁና፣ መጀመሪያ የሚደርስልን በሣጥናችን ያለው ነው። እናቴም እንግዲህ መርፌዋን የምትወጋው ምግቡ ከፊቷ ሲቀርብ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ውኃና ሙቀት ነው። ውኃው በየወሩ ይለወጥ። ጋቢና ብርድ ልብስ በፕላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይሰጣ። ከሁሉ በላይ ግን፣ በብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስ። ሽታ የሌለው ጭሱ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሞተር አስነሥቶ መሞቅም ቢሆን፣ የጭስ መውጫው በጭቃ ተደፍኖ እንደ ሆነ አደጋው አንድ ነው። የጭስ መውጫውን አይቶ፣ መስኮት ጥቂት ከፍቶ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን።

ስድስተኛ፣ የሾፌር ዕቃ ነው። ትርፍ ጎማው ነፋሱ ካነሰ ሸክም ነው እንጂ መለዋወጫ አይደለም፤ ጎማ ሲነፋ እርሱም አብሮ ይነፋ። ክሪኩ ሳይዝግ ቅባት ይቀባ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በቤታችን ደጅ መኪናዋን አንሥተን እንሞክረው። ይህን ሴቶችም ልንችለው ይገባል። የእሳት ማጥፊያው መለኪያ መርፌ በአረንጓዴው ክልል ውስጥ መሆኑ ይታይ፤ ዱቄቱ እንዳይጓጉል በየወሩ ተገልብጦ ይነቅነቅ። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ደግሞ ጭቃው ተጠርጎ፣ በጉም ጊዜ ቀድሞ የሚወጣ ዕቃ ስለሆነ ከላይ ይቀመጥ።

በስዊድን አገር የምትኖር አንዲት ዘመዴ ይህን ስነግራት የእነርሱን ነገረችኝ። የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው፤ የእኛ በጋ በሆነበት ጊዜ፣ ከኅዳር 22 እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ መንገዱ በረዷማ ከሆነ የክረምት ጎማ ማድረግ በሕግ ግዴታ ነው። ውኃ ሲረጋ መጠኑ ዘጠኝ ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የውኃ ጠርሙስ እስከ አፉ ከተሞላ እንደሚፈነዳ አውቀው ጎደል አድርገው ይይዛሉ። ወደ መኪና በገቡ ቁጥርም አካፋና ብርድ ልብሱን ያያሉ። እኛ በረዶ የለብንም ብለን እንዘናጋለን። ነገር ግን ከደብረ ሲና በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን የጣርማ በርን ጉም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የቦሩ ሜዳን ውርጭ፣ በሐምሌ የሐረጎን ናዳ የሚያውቅ ሰው ከስዊድኖቹ ያነሰ ጥንቃቄ የሚበቃው አይደለም።

ምናልባት «እኛ መኪና የለንም፤ ይህ ምን ይመለከተናል?» የምትሉ እኅቶች ትኖራላችሁ። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠርታችሁ በሰርቪስ የምትመላለሱ፣ ወይም ከደሴ በሚኒባስ የምትወርዱ ሁሉ በዚያው መንገድ ላይ ናችሁ። ናዳ የግልና የሕዝብ መኪና አይለይም። ለእናንተ የምትበቃው በቦርሳ የምትገባ ትንሽ ከረጢት ናት፤ በጥብቅ ዕቃ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ዘወትር የምትወስዱት መድኃኒት። ከረሜላውን ለልጆች ብታድሉም፣ በማግስቱ መተካቱን አትርሱ። ባልንጀሮችም በአንድ ሰርቪስ የሚሄዱ ከሆነ ተከፋፍለው ቢይዙ ወጪውም ሸክሙም ይቀላል።

ይህን ሥራ ለቤቱ አባወራ ብቻ የምንተው ከሆነ ግን እኔ የደረሰብኝ ይደርስብናል። በእኛ ቤት ሣጥኗን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱ ሲሄድ ልማዱም አብሮት ሄደ። ባል፣ ሚስትና ልጆች ሁሉም ሊያውቁት ይገባል።

የዚያች ሌሊት ማግስት ሣጥኗን አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ በክዳኗ ውስጥ የአባቴን ጽሑፍ አየሁ። «ጥቅምት 18 ቀን 2014» ይላል። ከእርሱ በላይ ያሉት ቀኖች እየተደመሰሱ ተጽፈውባቸዋል፤ ይህ ግን የሚደመስሰው ሳያገኝ ቆይቷል። እኔም ልደመስሰው አልቻልኩም። በብሩሽ ቀጭን ክፈፍ አድርጌ ቀለም ቀባሁበትና ከሥሩ አዲስ ቦታ አዘጋጀሁ።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሣጥኗ በረንዳ ላይ ትወጣለች። እናቴ ስኳሩን ትቀምሳለች፤ ደረቅ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው ትላለች፣ እኛም ማንኪያውን እንነጥቃታለን። ወንድ ልጄ የእሳት ማጥፊያውን ይነቀንቃል። ሴት ልጄ የባትሪ ድንጋዮቹን አስገብታ አብርታ ታጠፋና መልሳ ታወጣቸዋለች። ሲያበቃም ጠመኔውን ይዛ፣ ከአያቷ ጽሑፍ ሥር ቀኑን የምትጽፈው እርሷ ናት።